ለ11ኛ ክፍል መምህርቷ እህታችን፦ ከ1900 እስከ 1920ዎቹ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ በምን ላስተምር ላልሽው

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጥያቄሽን እንዲህ ነው የተረዳሁት፦ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ አሜሪካ ለ11ኛ ክፍል ታሪክ ልታስተምሪ ነው። ከ1900 እስከ 1920ዎቹ ያለው ምዕራፍ መጽሐፉ ላይ ደረቅ ሆኖብሻል። ከተማሪዎችሽ ብዙዎቹ ገና እንግሊዝኛ እየተማሩ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ነገር ደግሞ ከመብዛቱ የተነሳ የቱን እንደምትይዢ ግራ ገብቶሻል። እኔ ይህንኑ ዘመን ለዓመታት ሳስተምር ስለቆየሁ፣ ክፍሌ ውስጥ የሠራልኝን ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የድረ ገጽ ዝርዝር አትሰብስቢ። ክረምትሽን ይበላብሻል፤ መስከረም ላይ ደግሞ አንዱንም አትከፍቺውም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃሽ አንድ ፎቶ፣ አንድ የጋዜጣ ገጽ ወይም የአንድ ሰው የምስክርነት ቃል ነው። ያንን አንዱን በደንብ መርጠሽ፣ ልጆቹ ሰዓቱን ሙሉ እሱ ላይ እንዲያፈጡ ማድረግ ነው ዋናው ሥራሽ።

በፎቶ ጀምሪ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሉዊስ ሃይንን የሕፃናት ጉልበት ፎቶዎች በነፃ አስቀምጦልናል፤ ከ5,000 በላይ ናቸው። ሃይን ራሱ አስተማሪ ነበር። በ1908 የሕፃናትን ሥራ የሚቃወም ብሔራዊ ኮሚቴ ቀጠረው፤ ካሜራውን ተሸክሞ ጥጥ ፋብሪካውን፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድኑን፣ ጋዜጣ አዟሪ ልጆች የሚውሉበትን መንገድ ሁሉ ዞረ። ፋብሪካዎቹ አያስገቡትም ነበርና አንዳንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንዴ የኢንሹራንስ ሰው፣ አንዳንዴ ማሽን ብቻ የሚያነሳ ባለሙያ መስሎ ይገባል። የልጆቹን ቁመት በራሱ ልብስ ቁልፎች እየለካ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ማስታወሻ ይይዛል።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በ1910 ቨርሞንት ውስጥ አንድ ጥጥ ፋብሪካ ባነሳት ልጅ ነው። ፈትል የምትጠብቅበት ማሽን ላይ ክንዷን አሳርፋ ቆማለች። ሰውነቷ የመነመነ ነው፤ ልብሷ ቆሽሿል፤ በባዶ እግሯ ናት። ካሜራውን ፊት ለፊት ታያለች። ፎቶውን በትልቁ አትሜ ለየጠረጴዛው አድላለሁ። ከሥር ያለውን ጽሑፍ ግን እሸፍነዋለሁ። ልጆቹ ወረቀታቸውን ለሁለት ይከፍሉና በአንድ በኩል ያዩትን፣ በሌላው በኩል የገመቱትን ይጽፋሉ፤ በፈለጉት ቋንቋ። እንግሊዝኛ የማይችለው ልጅ እዚህ ላይ ከማንም እኩል ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ይቀድማል፤ ጫማ እንደሌላት መጀመሪያ ያየው ገና ከመጣ ብዙ ያልቆየ ልጅ ነበር። «ድሃ ናት» ብሎ ሌላው ሲመልስለት፣ «ወይም ወለሉ ዘይት ስላለበት እንዳያንሸራትታት ይሆናል» አለ። የትኛው ያየነው፣ የትኛው የገመትነው እንደሆነ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ከዚያ በኋላ ነው የሃይንን ጽሑፍ የምገልጠው። ወዲያው ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ይህን ፎቶ ያስነሳው ማነው? ለምን? ሃይን ገለልተኛ ሰው አልነበረም። ደሞዙን የሚከፍለው ኮሚቴ ሕግ እንዲወጣ ይፈልግ ነበር፤ ሃይንም እንዲሁ። ይህ ፎቶውን ሐሰት አያደርገውም፤ ግን ልጆቹ ማወቅ አለባቸው። የፋብሪካ ባለቤቶቹንም ክርክር አምጪላቸው፤ ቤተሰቦቹ ገንዘቡን ይፈልጉታል፣ ሥራ ልጅን ከመንገድ ያድናል ይሉ ነበር። ይሄን ጊዜ ክፍሉ ይሟሟቃል፤ ከልጆቹ መካከል ማታ ማታ ሠርተው ቤት የሚረዱ አሉና። መጨረሻ ላይ ሕጉን ታመጪዋለሽ፦ በ1916 ኮንግረስ የሕፃናት ጉልበትን የሚገድብ ሕግ አወጣ፣ በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፣ አገር አቀፍ ገደብ የጸናው በ1938 ነው። እነዚህ ሦስት ዓመታት መጽሐፉ ላይ ሲነበቡ ያንቀላፋሉ። ከልጅቷ በኋላ ሲመጡ ግን «ሃያ ዓመት ፈጀ?» ብለው ይቆጣሉ።

ሁለተኛው የማልተወው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የትሪያንግል ፋብሪካ ቃጠሎ ድረ ገጽ ነው። መጋቢት ወር፣ 1911፣ ኒውዮርክ። የሴቶች ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ከሕንፃው 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ ነበር። 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ አይሁድና ጣልያን ወጣት ሴቶች ናቸው። 9ኛው ፎቅ ላይ አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላሉ የሚደርሰው እስከ 6ኛው ፎቅ ብቻ ነው። ድረ ገጹ ላይ የተረፉት ሰዎች ቃል፣ የሟቾቹ ስም ዝርዝር፣ የጋዜጣ ዘገባ፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ጭምር አለ። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በነፃ ተለቀቁ።

እዚህ ላይ ምክሬ፣ የምስክርነቱን ቃል ሙሉውን አትስጪያቸው። ግማሽ ገጽ ቁረጪ፤ ቃላቱን ግን አትቀይሪ። ስለ በሩ የሚናገረውን ክፍል ለአንድ ቡድን፣ ስለ መሰላሉ የሚናገረውን ለሌላው ስጪና «ጥፋተኛው ማነው?» ብለሽ አከራክሪያቸው። ያን ቀን እሳቱን መንገድ ላይ ቆማ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት። ይህን ለመጨረሻው አምስት ደቂቃ አስቀምጪው።

ጋዜጣ ከፈለግሽ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ አለ፤ ይህም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ገጽ፣ በነፃ፣ ያለ ምዝገባ። ግን ዝም ብለሽ ከገባሽ ትጠፊያለሽ። መጀመሪያ ቀኑን ወስኚ፤ አንድ ሳምንት ይበቃል። ከዚያ ግዛቱን። ከዚያ ቃሉን በዘመኑ አጠራር ጻፊ፤ የዛሬውን ቃል አያውቀውም። ጽሑፉን ያነበበው ኮምፒውተር ስለሆነ ፊደል ያሳስታል፤ አንዱ አልመጣ ካለ በሌላ ቃል ሞክሪ።

ለእኛ ልጆች ደግሞ እዚያው ውስጥ የተቀመጠ ሀብት አለ። «ኢትዮጵያ» ብለሽ ሳይሆን «አቢሲኒያ» ብለሽ ፈልጊ። 1903ን ክፈቺ፤ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ያን ጊዜ ነው። የጉዞ መጽሐፉም ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይገኛል። ቀጥሎ የ1919ን ጁላይ ክፈቺ። ደጃዝማች ናደው፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዓለም ጦርነቱ ድል እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ የመጡበት ወር ነው፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንንም አግኝተዋል። በዚያው ወር ዋሽንግተንና ቺካጎ በዘር ግጭት ሲታመሱ ነበር። ሐበሻ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ትምህርቱ የእነሱም ይሆናል፤ ሌሎቹም የዚያን ዘመን አሜሪካ በእንግዳ ዓይን የማየት ዕድል ያገኛሉ። እኔ ከዚህ ገጽ ተነስቼ ነው ወደ 1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የምሻገረው። በኮታው፣ ማለትም ከየአገሩ በዓመት እንዲገባ በተፈቀደው የሰው ቁጥር፣ ለጀርመን ከ51,000 በላይ፣ ለጣልያን ከ4,000 በታች፣ ለኢትዮጵያ 100 ነበር። ሠንጠረዡን ብቻ ስጫቸው፤ ጥያቄውን ራሳቸው ያመጡታል።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሁለት ቦታ እጠቁምሻለሁ። አንዱ ስታንፎርድ የጀመረውና አሁን ዲጂታል ኢንኳየሪ ግሩፕ የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ከአንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ሰነዶቹ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ዋናውም አብሮ አለ። ነፃ ነው፤ ኢሜይል ብቻ ይጠይቅሻል። ስለ 1919ኙ የቺካጎ ግጭት፣ ስለ መጠጥ ክልከላው፣ የሴቶችን የመምረጥ መብት ስለተቃወሙ ሰዎች ያዘጋጁት ጥሩ ነው። ሁለተኛው የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ዶክስቲች ነው። እሱ ላይ ከሰነዶቹ ይልቅ የምወደው የመተንተኛ ቅጾቹን ነው፤ ለፎቶ ለብቻ፣ ለደብዳቤ ለብቻ፣ ለካርቱን ለብቻ፤ ለጀማሪ አንባቢም የተዘጋጀ አላቸው።

አሁን ስለ ዩቲዩብ አጥብቄ ልናገር። ቀለም የተቀባ፣ ድምፅ የተጨመረበት የድሮ ፊልም ክፍል ውስጥ አታሳዪ። ልጆቹ ይወዱታል፤ ግን ሰማዩን ሰማያዊ ያደረገው ኮምፒውተር ነው፣ የፈረሱም ኮቴ በኋላ የተጨመረ ነው። ዋናውን ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አውርጂ። ለምሳሌ በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከትራም ፊት ላይ ሆነው የቀረጹት፣ ወደ 13 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም አለ። መኪና፣ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ እግረኛ፣ ሁሉም እንደፈለገው ይሄዳል። ለብዙ ጊዜ የ1905 ነው ይባል ነበር። በኋላ አንድ የፊልም ታሪክ አዋቂ መንገዱ ላይ የተኛውን ዝናብ ውሃና የመኪኖቹን ታርጋ አይቶ፣ ከጋዜጦቹ ጋር አመሳክሮ፣ የተቀረጸው ከሚያዝያ 1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥቂት ቀናት በፊት መሆኑን አረጋገጠ። ከተማዋ ልትፈርስ ቀናት ሲቀሯት ማለት ነው። ልጆቹን መጀመሪያ «መቼ የተቀረጸ ይመስላችኋል? ከምን አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ደግሞ መኪኖቹን ይቁጠሩ፤ ጥቂቶቹ መንገዱን የሞሉት እንዲመስል ካሜራው ፊት እየዞሩ ተመልሰው ይመጣሉ። ይህን የደረሰበት ልጅ ከዚያ በኋላ ምንም ቪዲዮ ዝም ብሎ አያምንም።

በኦክላሆማ ግዛት ስላለችው ስለ ቱልሳ ከተማ ለብቻው ላንሳልሽ። በሜይ 31 እና ጁን 1፣ 1921 ነጮች በጥቁሮች ላይ ባስነሱት ግጭት የግሪንውድ የጥቁሮች ሠፈር 35 ብሎክ ያህል ተቃጠለ። ግጭቱን የመረመረው የኦክላሆማ ኮሚሽን በ2001 ያወጣው ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ረጅም ነው፣ ካርታውንና ፎቶውን ብቻ ውሰጂ። ለተማሪ ማሳየት ያለብሽ ግን የጎደለውን ነው። ግጭቱን አቀጣጠለ የሚባለው የከተማው ጋዜጣ ወደ ማይክሮፊልም ከመዛወሩ በፊት፣ አንድ ሰው የፊት ገጹን ዜናና የአስተያየት ገጹን ከፊል ቀዶ ወስዶታል። ማን እንደቀደደው ጠይቂያቸውና ዝም በይ። እነዚህን የድሮ ጋዜጦች ከማተምሽ በፊት ደግሞ ገጹን እስከ ጥጉ አንብቢው። በዘመኑ ጥቁሮችን፣ ቻይናዎችን፣ ጣልያኖችን የሚሰድብ ቃልና ካርቱን ከማስታወቂያው ጎን ተለጥፎ ይመጣል። ልጆቹን አስቀድመሽ ሳታዘጋጂ አትስጪያቸው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ለ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማ በከተማ ያዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ በወረርሽኙ መሃል ሰልፍ የጠራችውን ፊላደልፊያን፣ ትምህርት ቤቱንና መሰብሰቢያውን ቶሎ ከዘጋችው ሴንት ሉዊስ ጋር ያነጻጽሩ። ለሙዚቃ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናሽናል ጁክቦክስ አለ፤ በ1915 ልጇን ለጦር አልሰጥም የምትል እናት የምትዘፍነውንና በ1917 ዝመት ዝመት የሚለውን አከታትለሽ አሰሚያቸው። ለስደት ኒውዮርክ የሚገኘውን የስደተኞች መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴትን፣ ሁሉም ያስተምረዋል፤ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ያለውን ኤንጀል ደሴትንም ጨምሪ፣ የታገቱት ቻይናውያን ግድግዳው ላይ የቀረጹት ግጥም በትርጉም ይገኛል።

ስለ ቅጂ መብት አትጨነቂ። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ጽሑፍና ፎቶ ነፃ ነው፤ ይህ ዘመን ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ክፍያ ለሚጠይቁት እንደ ቺካጎ ዲፌንደር ላሉ ጋዜጦች ደግሞ የከተማሽን ላይብረሪ ጠይቂ፤ በካርድሽ ብቻ ከቤትሽ ሆነሽ ልታነቢ ትችያለሽ።

የመጀመሪያው ምዕራፍሽ የቱ እንደሆነ ከነገርሽኝ፣ የሃይንን ፎቶና ባለ ሁለት ዓምዱን ወረቀት፣ ከትሪያንግል ምስክሮች የቆረጥኳቸውን ግማሽ ገጾችም እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። በአማርኛና በስፓኒሽ መመሪያ ያለው ቅጂም አለኝ።