ስለ ቫይታሚን ዲ ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ነገሩኝ፤ የትኛውን ልስማ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ስድስት ሳምንት ሆኖኛል። ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። የምንከታተልባቸው የሕፃናት ሐኪም «የእናት ጡት ሁሉንም ያሟላል፤ ፀሐይ ካገኘች ሌላ ነገር አያስፈልጋትም» አሉኝ። ለክትባት በሄድንበት ጊዜ ያየኋቸው ሌላ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ «ከተወለደች ጀምሮ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ማግኘት ነበረባት» ብለው ጠብታ አዘዙልኝ። ጠብታውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ለመስጠት ግን ፈራሁ። ማንን ልመን? የሦስት ዓመቷ እህቷስ ያስፈልጋታል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጠብታውን ይስጧት። ጡት ብቻ ለሚጠቡ ሕፃናት በየቀኑ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ማለትም 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ፣ ከተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲጀመርላቸው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ሪኬትስን (በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ እጥረት የልጆች አጥንት የሚለሰልስበትንና የሚንጋደድበትን በሽታ) ስለመከላከል ያወጡት የጋራ ምክረ ሐሳብ ደግሞ ጡት የሚጠባውንና የዱቄት ወተት የሚወስደውን ሳይለይ፣ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ሁሉ ይኸው መጠን እንዲሰጥ ይላል። ስድስት ሳምንት አለፈኝ ብለው አይጨነቁ፤ ዛሬ ይጀምሩ። ያለፈውን ላካክስ ብለው ግን መጠኑን ከፍ አያድርጉ።

የመጀመሪያው ሐኪምዎ ከተናገሩት ውስጥ ትልቁ ክፍል እውነት ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት የሚበልጥ ምግብ የለም፤ ይህን ማንም እንዲያጠራጥርዎት አይፍቀዱ። ቫይታሚን ዲ ግን በጡት ወተት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሊትር የእናት ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዩኒት በታች ነው የሚይዘው፤ እናትየዋ ራሷ እጥረት ካለባት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሕፃኗ ስትወለድ ይዛው የምትመጣው ክምችትም ከእናቷ የተቀበለችው ስለሆነ፣ በእርግዝና ወቅት እጥረት የነበረባት እናት ልጅ ገና ከጅምሩ ጎደሎ ናት። ይህ የእርስዎም ሆነ የወተትዎ ጥፋት አይደለም። ሰውነታችን ይህን ቫይታሚን በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ሲያርፍበት በቆዳ ውስጥ ነው።

ታዲያ ፀሐይ ለምን አትበቃም? ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት የፀሐይ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። የቆዳ ጥቁረት፣ ልብስ፣ ደመና፣ የአየር ብክለት፣ የዓመቱ ወቅትና የሰዓቱ ሁኔታ መጠኑን እጅግ ይለዋውጡታል። በአንጻሩ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ቆዳ ስስና በቀላሉ የሚቃጠል በመሆኑ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ብዙ እንዳይቆይ ይመከራል። ስለዚህ «ፀሐይ ካገኘች» የሚለው ምክር ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል ገላ ተገልጦ የሚለውን አይመልስም። ጠብታው መጠኑ የታወቀ ነው።

የሁለቱ ሐኪሞች ልዩነት መነሻው መቶ ዓመት ያለፈው መሆኑንም ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ሁልድሺንስኪ በሪኬትስ የተያዙ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አከመ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ በቡችሎች ላይ ባደረገው ምርምር የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል አሳየ። አንዱ በብርሃን፣ ሌላው በምግብ ወደ አንድ ቫይታሚን ደረሱ። ዛሬ ጥያቄው ለሕፃን የትኛው መንገድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሁለቱም የሕፃናት ሐኪሞች ከሆኑ እንዴት የተለያየ ነገር ይናገራሉ? መመሪያው ራሱ ተለዋውጧል። ይኸው የአሜሪካ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2003 የመከረው 200 ዩኒት ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እጥፍ አደረገው። ከዚያ በፊት ሠልጥኖ በኋላ ያላደሰ ሐኪም የሚናገረው ሲማር የሰማውን ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ይህኛው የበለጠ ያሳስበኛል። በሕክምና ትምህርት ቤት ሪኬትስን በደንብ እንማራለን፤ የተንጋደደ እግር፣ ያበጠ የእጅ አንጓ፣ የራጅ ምስሉን አይተን እንለያለን። ደህና ሆኖ ለመጣ፣ ክብደቱ በሚገባ ለሚጨምር ሕፃን ግን ዛሬውኑ ጠብታ ይጀመርለት ማለት ሌላ ዓይነት ልምድ ይጠይቃል። በሐኪሞች ላይ የተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ይህንኑ ክፍተት ነው፤ ቫይታሚን ዲ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ ለእያንዳንዱ ሕፃን አያዝም። መቼ እንደሚጀመር፣ እስከ መቼ እንደሚቀጥል፣ የዱቄት ወተት ለሚወስዱ ያስፈልግ እንደሆነ ሲጠየቁ መልሳቸው ይለያያል። በሥራ ብዛት መዘንጋትም አለ፤ ክትባትና ክብደት በካርዱ ላይ ቦታ ስላላቸው ይጠየቃሉ፣ ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ ቦታ የለውም። እኛ ሐኪሞች ይህን የማረም ግዴታ አለብን፤ ሸክሙ በእናቶች ጫንቃ ላይ መውደቅ አልነበረበትም።

እስኪታረም ድረስ ግን ይጠይቁ። ወደ መጀመሪያው ሐኪም ሲመለሱ ሌላ ሐኪም ጠብታ እንዳዘዘላት በግልጽ ይንገሯቸው፤ ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ። ላለመስጠት የተለየ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ የደም ካልሲየሟ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም በቤተሰብ የካልሲየም ችግር ካለ፣ ያን መስማት አለብዎት። «አያስፈልግም» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ስለ 2016ቱ ምክረ ሐሳብ ምን እንደሚሉ ይጠይቋቸው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጠብታው አሰጣጥ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። በአንዳንዱ 400 ዩኒት የሚገኘው በአንድ ጠብታ ብቻ ነው፤ በሌላው አንድ ሙሉ ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። የአንዱን በሌላው መለኪያ መስጠት ልጅን ለብዙ እጥፍ መጠን ያጋልጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ስለዚሁ ስህተት ወላጆችን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «400 ዩኒት በስንት?» የሚለውን ያንብቡ፤ ካልገባዎት ፋርማሲስቱ በመለኪያው ላይ መስመሩን እንዲያሳይዎት ያድርጉ። አብሮት ከመጣው መለኪያ ሌላ አይጠቀሙ። ሌላ የቫይታሚን ሽሮፕ የምትወስድ ከሆነ ውስጡ ቫይታሚን ዲ መኖሩን ይመልከቱ፤ ሁለቱ ይደመራሉና። አንድ ጠብታ የሆነውን የጡትዎ ጫፍ ላይ አድርገው ሊያጠቧት ይችላሉ፤ በሚሊ ሊትር የሚለካውን በጉንጯ ውስጠኛ በኩል ቀስ እያሉ ያፍስሱት። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ እጥፍ አይስጡ።

እስከ ስድስት ወር ከ1,000 ዩኒት፣ ከዚያ እስከ ዓመት ከ1,500 ዩኒት በላይ በየቀኑ መስጠት ያለ ሐኪም ክትትል አይፈቀድም። ከመጠን ሲያልፍ የደም ካልሲየም ይጨምራል፤ ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ መጥባት ያስጠላዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። በ400 ዩኒት ግን ይህ ለጤነኛ ሕፃን አያሰጋም። የደም ምርመራም አስቀድሞ አያስፈልግም። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ የጉበት፣ የኩላሊት ወይም የአንጀት ሕመም ያለባቸው፣ እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሕፃናት ግን መጠናቸውን ሐኪማቸው ለብቻ ይወስን።

ቢያንስ ዓመት እስኪሞላት ይቀጥሉ።

ለሦስት ዓመቷ ልጅዎ የሚያስፈልገው በቀን 600 ዩኒት ነው። ከዓመት በኋላ ግን ይህ ሁሉ የግድ ከጠርሙስ መምጣት የለበትም፤ ከቤት ውጭ ከመጫወት፣ ከቅባታም ዓሣ፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ቫይታሚን ዲ ከተጨመረበት ወተት ይገኛል። ከቤት ብዙም የማትወጣ፣ ገላዋ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈን ወይም ምግቧ የተወሰነ ከሆነ ጠብታ ያስፈልጋታል። ስትቆም እግሮቿን ይመልከቱ። በዚህ ዕድሜ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ትንሽ ቢቀራረቡ የተለመደ ነው። እግሯ ወደ ውጭ እየተንጋደደ ከሄደ፣ የእጅ አንጓዋ ከሰፋ፣ አጥንቷን የሚያማት ወይም ደረጃ መውጣት የሚያቅታት ከሆነ ግን ለሐኪም ያሳዩአት፤ የእጅ አንጓ ራጅና የካልሲየም፣ የፎስፌትና የአልካላይን ፎስፋቴዝ የደም ምርመራ ይደረግላታል። ሪኬትስ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ቢያንስ ለሦስት ወር በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ዩኒት ከካልሲየም ጋር ስለሆነ፣ የታናሽ እህቷ ጠብታ አይበቃትም።