ኬሞ የምትቀላቅለው ነርስ
ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የካንሰር ታካሚዎችን ኬሞ የምንቀላቅለው እኛው ነን፤ ክፍሉ ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ በተራ ጓንት። የሌሊት ተራም አለብኝ። እናቴ «ይህ ሥራ ካንሰር ያመጣብሻል፣ ተዪው» ይሉኛል። እውነት ነው? የሦስት ወር ነፍሰ ጡርም ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ከእርግዝናሽ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ነገ ጠዋት ለአለቃሽ በጽሑፍ አመልክተሽ ከቅልቅል ሥራው ተነሺ። ኬሞ የሚገድለው በፍጥነት የሚከፋፈልን ሕዋስ ነው፤ ጽንስ ደግሞ ሌት ተቀን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይህን መጠየቅ መብትሽ እንጂ ልመና አይደለም።

እናትሽ በከንቱ አልሰጉም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከኬሞ መድኃኒቶች አንዱን፣ ሳይክሎፎስፋማይድን፣ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር መድቦታል። ማስረጃው በዋናነት የተገኘው መድኃኒቱን ከወሰዱ ታካሚዎች ነው፤ ነርሷ ጋ የሚደርሰው መጠን እጅግ ያንሳል። ታካሚው ግን የሚድንበትን ይወስዳል፤ አንቺ በየቀኑ የምትተነፍሺው ለምንም አይጠቅምሽም። ስለዚህ ከወለድሽ በኋላ ወደዚያ ሥራ የምትመለሺ ከሆነ አሠራሩ መለወጥ አለበት።

ጡረታ እስክወጣ በዚሁ በደጋው አገር ስሠራ ያየሁት ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ብርዱ ሲጠና ነርሶች ጋቢ ደርበው ይቀላቅላሉ፤ ሻይና ቆሎውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። መርፌው ከብልቃጡ ሲነቀል ዓይን የማያየው ብናኝ ይረጫል። ቆሎው ላይ ያርፋል፣ ጋቢው ይመጠዋል፤ በዚያው ጋቢ ቤት ገብተው ልጅ ያቅፋሉ! ጋቢው ውጭ ይቅር። ፈሳሽ የማያሳልፍ ባለ ረጅም እጅጌ ጋውንና ድርብ ጓንት ይለበስ። ተራው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ብናኙን አያግድም። ሲጨረስ እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ አልኮል መድኃኒቱን አያጠፋውም። የታካሚው ሽንትና ትውከትም እስከ 48 ሰዓት ድረስ መድኃኒት ይዞ ይቆያል። ይህን ለጽዳት ሠራተኞቹ ንገሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው የለም። ዋናው መፍትሔ ግን አየር የሚያጣራ የመቀላቀያ ካቢኔት ነው። ብቻሽን አትጠይቂ፤ ሁላችሁም ፈርማችሁ ለአስተዳደሩ አቅርቡ።

የሌሊት ተራን ያው ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ከሚላቸው መደበው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አጸናው። ዴንማርክ ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሠርተው የጡት ካንሰር ለያዛቸው ሴቶች ካሣ ከፍላለች። የጥናቶቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ አይስማማም፤ እኔ ከሌሊቱ ይልቅ ጠረጴዛው ያሳስበኛል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፦ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ። የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ያልተከተበች ነርስ በተበከለ መርፌ ከተወጋች የመያዝ ዕድሏ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል። ጀምረሽ አቋርጠሽ ከሆነ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂና ካቆምሽበት ይቀጥሉልሽ፤ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልግም።