«ነርሲንጉን ተዪው» ላላት አሠልጣኝ ምን እንመልስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለችኝ። ለትምህርት ቤቷ ሀገር አቋራጭና 3,200 ሜትር ትሮጣለች፤ ትምህርቷም ጥሩ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምኞቷ ነርስ መሆን ነው። በቅርቡ በሩጫ ስሙ የገነነ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የወጪዋን ግማሽ ያህል የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሊሰጣት እንደሚያስብ ነገረን። ግቢውን በጎበኘንበት ቀን ግን ምክትል አሠልጣኙ «ነርሲንግ ከልምምድ ሰዓታችን ጋር አይሄድም፤ ቀለል ያለ ትምህርት እንመርጥልሻለን፣ ነርሲንጉን ተዪው» አላት። አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ደግሞ ለሩጫዋ ምንም አይከፍልም፤ ነገር ግን ነርሲንግ ያስተምራል፣ በውጤቷም የገንዘብ ድጋፍ እንደሚሰጣት ገልጾልናል። ባለቤቴ ትልቁን ይመርጣል። እኔ ግን የፈለጓት ለእግሯ ብቻ ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዚህ ላይ አንድ የምናውቀው ሰው የኬሚስትሪ ውጤቷን ለማሻሻል በኢንተርኔት በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ኮርስ እንድትወስድ መክሮናል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ምክትል አሠልጣኙ እንዲህ ያሉት በክፋት ላይሆን ስለሚችል፣ አስቀድሜ ንግግራቸው ከምን እንደሚመነጭ ላስረዳዎ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በውድድር ወቅት የሚደረገው ልምምድ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዝዛል። ይሁን እንጂ ወደ ውድድር የሚደረገው ጉዞም ሆነ የጉዳት ሕክምናው በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የውድድሩ ቀንም ምንም ያህል ቢረዝም የሚቆጠረው እንደ 3 ሰዓት ነው። የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ ክፍል ከመማር በተጨማሪ ማለዳ ተነሥታ በሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ መገኘት አለባት፤ ያም ሰዓት ውድድር ስላለ አይዛወርላትም። ስለዚህ ችግሩ እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከራሱ ከሕጉ ይመጣል። የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ በሆነው በዲቪዚዮን አንድ የምትወዳደር ተማሪ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ለመረጠችው ዲግሪ ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶውን፣ ሦስተኛውን ስትጨርስ 60 በመቶውን፣ አራተኛውን ስትጨርስ 80 በመቶውን ማጠናቀቅ ይጠበቅባታል። ቡድኑም በተጫዋቾቹ የትምህርት እርምጃ ከ1,000 ነጥብ ይመዘናል፤ ከ930 በታች የወረደ ቡድን ከወቅቱ ማጠቃለያ ውድድሮች ሊታገድ ይችላል። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የነበረው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2013 ከማጠቃለያው ውድድር የታገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕጉ የወጣው ለተማሪው ታስቦ ነው። ነገር ግን ሊቆጥር የሚችለው የታለፈውን ኮርስ ብቻ በመሆኑ፣ ተማሪዋ ምን ዕውቀት ይዛ እንደወጣች የሚያይበት ዓይን የለውም። ስለዚህ ነጥቡ እንዳይወርድበት የሚሰጋ ቡድን ልጆቹን ኬሚስትሪና አናቶሚ ከበዛበት ትምህርት አርቆ ቀለል ወዳለው ይነዳቸዋል። ለልጅዎ የቀረበላት ምክር ከዚሁ ስጋት የተቀዳ ይመስለኛል።

ይህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሲኬድ የት እንደሚያደርስ በቻፕል ሂል የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። በ2014 ይፋ የሆነው የምርመራ ሪፖርት እንዳስረዳው፣ በ18 ዓመታት ውስጥ ከ3,100 የሚበልጡ ተማሪዎች መምህር የማይገባባቸውና ክፍል የሌላቸው ኮርሶች ወስደዋል። ተማሪው አንድ ጽሑፍ ያስረክባል፤ ጽሑፉን አይታ ከፍተኛ ነጥብ የምትሰጠው ደግሞ የትምህርት ክፍሉ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። በኮርሶቹ ከተመዘገቡት ግማሽ የሚጠጉት ስፖርተኞች ነበሩ። ኤንሲኤኤ ግን በ2017 ኮርሶቹ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ ሕጌ ተጥሷል ለማለት አልችልም ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ሳይቀጣ ቀረ። የቅርጫት ኳስ ዋንጫዎቹ ዛሬም በቦታቸው ናቸው። እነዚያ ወጣቶች ግን የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለበት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ውጤት ይዘው ወጡ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ያለች እናት የላከቻቸው ልጆች ነበሩና።

ከዚህ ጎን የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ያስቀምጡት። በ2014 አምስት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ሌላ ሰው የሠራላቸውን ሥራ አስረክበዋል ተብሎ ሲጠረጠር ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሜዳ አገዳቸው፤ ጉዳዩን መርምሮም ያለፉ ነጥቦችን ወደ ኋላ ተመልሶ አረመ። ነጥቡ ሲታረም አንዳንዶቹ በ2012 እና በ2013 መጫወት ያልነበረባቸው ሆነው ተገኙ፤ በዚህም ኤንሲኤኤ በ2016 የሁለቱን ዓመታት 21 ድሎች ከመዝገብ ሰረዘ። የራሱን ገመና ገልጦ ያረመው ድሉን አጣ፤ 18 ዓመት በዝምታ ያለፈው ድሉን አልተነካም። ፍርዱ የተጣመመ መሆኑን ለማየት የሕግ ባለሙያ መሆን አያሻም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ከፍርዱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፕሮግራም ታማኝ መሆኑ የሚለየው፣ ትምህርትና ድል በተጋጩበት ቀን ምን ለማጣት ፈቃደኛ እንደሆነ ሲታይ ነው። «ትምህርት ይቀድማል» የሚል ጽሑፍ በየስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ስለሚገኝ፣ የጽሑፉን እውነትነት ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተመልሳችሁ ዋና አሠልጣኙን አነጋግሩ። በቅርብ ዓመታት በቡድኑ ውስጥ ነርሲንግ ወይም ሌላ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ያጠናች ልጅ ካለች፣ አሠልጣኝ በሌለበት ልጅዎ ለብቻዋ ታነጋግራት። የሆስፒታል ልምምዱና የጉዞው ቀን ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ይጠይቁ፤ «እንነጋገርበታለን» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ነው ወይስ አራቱንም ዓመት የሚጸና? እግሯ ቢጎዳስ? የስፖርተኞች የትምህርት አማካሪዎች አለቃቸው የስፖርት ክፍሉ ነው ወይስ የትምህርት አስተዳደሩ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ደመወዙና ዕድገቱ ከቡድኑ ድል ጋር የተሳሰረ አማካሪ ለልጅዎ ከባዱን መንገድ መምከር ይከብደዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ነርሲንግ ትምህርት ክፍሉን ራሱን አነጋግሩ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የነርሲንግ ተማሪዎችን ከመጀመሪያው ዓመት ይቀበላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በውድድር ይመርጣሉ። በሁለተኛው ዓይነት ግቢ «ለጊዜው በቀላሉ ትጀምር፣ በኋላ ትዛወራለች» የሚለውን ተስፋ አትመኑ፤ የሚፈለጉትን ኮርሶች ሳትወስድ ከቆየች በሩ ይዘጋባታል፣ የ40 በመቶው ሕግም አብሮ ይይዛታል።

ባለቤትዎ ትልቁን መምረጣቸውን እረዳለሁ። ለስደተኛ ቤተሰብ ግማሽ ስኮላርሺፕ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ስኮላርሺፑን ትተው ከኪስ የሚወጣውን ያወዳድሩ፤ የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ቀሪ ግማሽ ከትንሹ ኮሌጅ ሙሉ ክፍያ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በውጤት የተገኘ ድጋፍ ጅማት ቢበጠስ አይቋረጥም። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ቢፈቅድም፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ነው። ወደ ስምምነቱ በገቡት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የሀገር አቋራጭ ቡድን ከ17 ሯጭ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አንድ ወቅት ያልቀናት ሯጭ ቦታዋን ለሌላ የመልቀቅ ዕድሏ ሰፍቷል ማለት ነው።

ሩጫና ከባድ ትምህርት አብረው አይሄዱም እያልሁ ግን አይደለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንታኪ፣ ሉዊቪል የተወለደው ያሬድ ንጉሴ እዚያው ኖትር ዳም ባዮኬሚስትሪ እያጠና በ2019 የ1,500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክም ለአሜሪካ ነሐስ አመጣ። እንግዲህ «አይሄድም» የሚለው ቃል የአንድ ፕሮግራም ውሳኔ ነው። ጥያቄዎቻችሁን በጽሑፍ አቅርባችሁ ግልጽ መልስ በጽሑፍ ካላገኛችሁ፣ እኔ ብሆን ልጄን ወደ ትንሹ ኮሌጅ እልካለሁ።

የሁለት ሳምንቱን ኮርስ በተመለከተ አታድርጉት። ዲቪዚዮን አንድ ለመወዳደር 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነዚያ ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ከ16ቱ 10ሩ፣ ከ10ሩም ሰባቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ፣ 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ መምህሩ ተማሪውን በየጊዜው የሚከታተልበትና የተወሰነ የትምህርት ጊዜ ያለው ካልሆነ ተቀባይነት አያገኝም። ባይነቃባት እንኳ፣ ነገ የሕመምተኛ መድኃኒት መጠን የምታሰላው ይህችው ልጅ ናት። ኬሚስትሪውን በክረምት ከአስጠኚ ጋር በእርጋታ ትድገመው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ መጥቼ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ እሮጣለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ቡድኑ አስጠኚ መድቦልኛል። ባለፈው ሳምንት ከውድድር ደክሜ ስመለስ «ላስተካክልልህ» ብላ የታሪክ ጽሑፌን ግማሹን ራሷ ጻፈችው፤ እኔም አስረከብሁት። ጓደኞቼ «ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ዝም በል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጻፍህ ብቻ ሕሊናህ እንዳልተኛ ያሳያል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለው ቃል በ1990ዎቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥም ሳይባል አልቀረም፤ እዚያ አንዲት ሠራተኛ ለተጫዋቾች ከ400 የሚበልጡ የትምህርት ሥራዎችን ሠርታላቸዋለች። ነገሩ በ1999 በጋዜጣ ሲወጣ ቡድኑ በ1997 በኮሌጆች ሻምፒዮና ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ የሆነበት ታሪክ ጭምር ከመዝገብ ተሰረዘ። የስፖርተኞች ሥራ ብዙ ዓይን ያየዋል፤ የአጻጻፍ ልዩነትን ደግሞ መምህር በቀላሉ ይለያል።

በአማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ተመሳሳይ ነገር የገጠመው አንድ ሯጭ ወደ እኔ የመጣው ከተነቃበት በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ልረዳው የምችልበት መንገድ በጣም ጠቦ ነበር። አንተ ገና ጊዜ አለህ። መምህርህ ሳያውቁ በፊት ራስህ ሄደህ ንገራቸው፤ የትኛው አንቀጽ የአንተ፣ የትኛው የእርሷ እንደሆነ ምልክት አድርገህ፣ የራስህንም ረቂቅ ይዘህ ሂድ። ዋጋ አይኖረውም አልልህም፤ ጽሑፉ ዜሮ ሊሆንብህ፣ አንድ ሁለት ውድድርም ሊያመልጥህ ይችላል። ነገር ግን ተደርሶብህ ከትምህርት ብትታገድ የቪዛህ ነገር አብሮ ስለሚናጋ፣ ከመምህሩ ጋር ከመገናኘትህ በፊት የውጭ ሀገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤትን አማክር። አስጠኚዋን ለማስቀጣት ብለህ አትነሣ፤ ከተጠየቅህ ግን የሆነውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ተናገር።

ከዚያ በኋላ ሌላ አስጠኚ እንዲመደብልህ ጠይቅ። ዩኒቨርሲቲዎች ለማንኛውም ተማሪ ክፍት የሆነ የጽሑፍ መርጃ ማዕከል አላቸው፤ እዚያ ስሕተትህን ያሳዩሃል፣ ብዕሩ ግን ከእጅህ አይወጣም። በሚቀጥለው የትምህርት ወቅት ብዙ ጽሑፍ የሚጠይቁ ኮርሶችን በአንድ ላይ አትደርድር፤ በተማሪ ቪዛ ላይ ስለሆንህ ግን ከ12 ክሬዲት እንዳትወርድ ተጠንቀቅ። ለመምህሩ የቀጠሮ ጥያቄውን ዛሬ ማታ ላክ።