ኬሚስትሪሽን አትተዪው

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ እህቴ። ደብረ ማርቆስ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ። ከአራት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች) ብቻ ስለተሠራ የመልቲፕል ስክሌሮሲስ መድኃኒት፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሴሎች የራስን የነርቭ ልባስ ለሚያጠቁበት በሽታ ስለሚሰጥ መድኃኒት አንብበሽ ልብሽ ተሰቅሏል። «በዚህ ምርምር ለመሥራት ኬሚስትሪውን ትቼ ሕክምና ከአንድ ልጀምር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቢቸና ያሉት አባትሽ ደግሞ «ተመርቀሽ አስተምሪ፣ ሌላው ይቅርብሽ» ብለውሻል።

አትተዪው። ያ መድኃኒት እኮ የወጣው ከኬሚስቶች እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ እስራኤል በሚገኘው ዋይዝማን ተቋም ማይክል ሴላ፣ ሩት አርኖንና ዲቮራ ታይተልባውም ሰው ሠራሽ ፖሊመሮችን፣ ማለትም ከትንንሽ ሞለኪውሎች የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶችን ሠሩ። የነርቭ ልባስ በሆነው ማየሊን ውስጥ ያለውን አንድ ፕሮቲን እንዲመስሉ አድርገው ነው የሠሯቸው። ያን ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ላይ አልነበሩም፤ ፖሊመሩ በእንስሳት ላይ መልቲፕል ስክሌሮሲስን የሚመስል በሽታ ያስነሳ እንደሆነ ለማየት ነበር የፈለጉት። አላስነሳም። ዝም ብለው ቢጥሉት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እነሱ ግን «እንግዲያው ይከላከል ይሆን?» ብለው ሞከሩት፣ ጊኒ ፒጎቹንም ከበሽታው ጠበቃቸው። ውጤቱ በ1971 ታተመ። አሜሪካ መድኃኒቱን የፈቀደችው በ1996 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ግላቲራመር አሲቴት ይባላል፣ በገበያ ስሙ ኮፓክሶን። በሽታውን አያድንም፣ የሚያገረሽበትን ብዛት ግን ይቀንሳል።

ሴላም አርኖንም መጀመሪያ የተማሩት ኬሚስትሪ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ ይህንን ልብ በይልኝ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አራት ቀለም ያለው ዶቃ በክር እየሰካሽ ነው እንበል፦ ግሉታሚክ አሲድ፣ ላይሲን፣ አላኒንና ታይሮሲን። ከየቀለሙ ስንት እጅ እንደሚገባ ይታወቃል፣ ቅደም ተከተሉ ግን እንደመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ መርፌ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ርዝመታቸውም ይለያያል፣ አማካይ ክብደታቸው ከ5,000 እስከ 9,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። ታዲያ ዛሬ የተሠራው ካምና ከተሠራው ጋር አንድ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ኬሚስቱ ነዋ። ፖሊመሩ የመከላከያ ሴሎችን እንዴት እንደሚያረጋጋ እንኳ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም፤ ላንቺም የሚተርፍ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ሐኪም መሆን ከልብሽ የምትፈልጊው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግቢ። ለዚህ ምርምር ብለሽ ግን ዓመታትሽን ወደ ኋላ አትመልሺ።

የዘንድሮ ሥራሽ ይህ ነው። ኦርጋኒክና ባዮኬሚስትሪን አጥብቀሽ ያዢ። ከባዮሎጂ ክፍል ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) የሚያስተምሩትን መምህር ለምነሽ ተቀምጠሽ አዳምጪ፣ ውጤት ባይያዝልሽም። ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ደግሞ ውድ መሣሪያ አትጠብቂ። ጓያ አለልሽ! እግር የሚያሽመደምደው መርዙ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው፣ ነርቭ የሚጎዳ። የጓያን አሚኖ አሲዶች በቀጭን ንጣፍ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን በስስ ንጣፍ ላይ በሚለይ ዘዴ) ለይተሽ አሚኖ አሲድን በሚያቀልመው በኒንሃይድሪን ቀለማቸውን ማውጣት ትችያለሽ፤ ጥሩ አማካሪ ካገኘሽ ግቢሽ ውስጥ የሚሠራ ነው። ያልሠራልሽንም ሙከራ በደብተርሽ ጻፊው። እኔ በተማሪነቴ «ተበላሸ» ብዬ የጣልኩት ውጤት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ማስተርስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ አለ። በፈረንጆቹ 1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመው አርማወር ሃንሰን ተቋምም የመከላከያ ሴሎችን ሥራ በእጅሽ የምትለምጂበት ቤት ነው። ውጭ ከፈለግሽ የአውሮፓ ኅብረትን የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ኢራስመስ ሙንዱስን ሞክሪ፣ የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ይሸፍናል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ ትራንስክሪፕትሽንና የድጋፍ ደብዳቤሽን ክረምት ላይ ጨርሺ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጎጃም አድገሽ የቅኔ ተማሪን ሳታዪ አልቀረሽም። ዋሸራ ወይ ዲማ የሚወርደው የመምህሩን ዝና ሰምቶ ነው፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ። አንቺም የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አትዪ፤ ማን ነው የሚያስተምረኝ፣ ምን እየሠራ ነው፣ ተማሪዎቹስ የት ደረሱ ብለሽ ጠይቂ። ጽሑፉን ሳታነቢ ደብዳቤ አትጻፊለት።

አባትሽን አትጣያቸው። የሚያስቡት ስለ እንጀራሽ ነው፣ እውነትም አላቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ምሩቅ ሆነሽ ብትቀጠሪ እያስተማርሽ ደመወዝ ታገኛለሽ፣ ማስተርሱም ከዚያው ሊቀጥል ይችላል፤ የሳቸው ምክርና ያንቺ ምኞት እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ግን ውጤትሽ ከፍ ማለት አለበት፣ የቀሩሽም ሴሚስተሮች ጥቂት ናቸው። ለፋሲካ ቢቸና ስትወርጂ ይህንን ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው፤ የዶቃውንም ነገር ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል።