አጥንቱ ያልተሰበረ እግር ለምን በጀሶ ይታሰራል?

እህታችን፣ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት አባትዎ ከአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ቁስል ለወራት አልድን በማለቱ ሐኪማቸው እግራቸው በጀሶ እንዲታሰር ማዘዛቸውን ገልጸው፣ አጥንታቸው ሳይሰበር ይህ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀዋል። በቁስል ክፍል በነርስነት ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ቤተሰቦች ሰምቻለሁ።

እንዲህ ያለው ቁስል እንዳይድን የሚያደርገው በየእርምጃው እዚያው ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና ነው፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ስለማያመው ቁስሉን ይረግጠዋል። ከጣት እስከ ጉልበት በታች የሚታሰረው ጀሶ ግን ክብደቱን ለመላው ውስጥ እግርና ለባት ያከፋፍለዋል። ዘዴው ዶክተር ፖል ብራንድ ሕንድ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከሙበት ሲሆን፣ ወደ ስኳር ሕክምና የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ ሕመምተኛው ሊያወልቀው አለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በጀሶ ከታከሙት 90 በመቶ ያህሉ በ12 ሳምንት ውስጥ ሲድኑ፣ የሚወልቅ ቦት ከተሰጣቸው የዳኑት 65 በመቶ ነበሩ፤ ቦት ቤት ሲገቡ ይወልቃልና።

ስናስር ሕመምተኛውን በሆዱ አስተኝተን ጉልበቱን እናጥፋለን፤ በጣቶቹ መካከል ጥጥ፣ በቁርጭምጭሚቱና በቅልጥሙ ላይ ስስ ስፖንጅ ካደረግን በኋላ ጀሶው እስኪጠነክር በመዳፋችን እያሻሸን ከእግሩ ቅርጽ ጋር እናስማማዋለን። ጥጥ ማብዛት ለሕመምተኛው ማዘን ይመስላል፤ ነገር ግን ጥጡ ሲጫን ይሳሳና እግሩ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ አዲስ ቁስል ያወጣል። እብጠቱ ሲቀንስ ጀሶው ስለሚላላ፣ የመጀመሪያው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ቀጣዮቹ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀየራሉ። የሌላኛው እግር ጫማ ሶል ካልተጨመረበት አባትዎ እያነከሱ ወገባቸውን ያማቸዋል።

ከመታሰሩ በፊት ደም ወደ እግራቸው በደንብ መድረሱ መለካት፣ ቁስሉ አጥንት መንካት አለመንካቱም መታየት አለበት፤ ደም የማይደርሰው ወይም መግል የያዘ እግር በጀሶ አይዘጋም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ሕመም እስኪሰማቸው አይጠብቁ፤ መጥፎ ሽታ፣ በጀሶው ላይ የሚወጣ እርጥበት፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የጨመረ ስኳር ወይም የጀሶው መላላት ከታየ በዚያው ዕለት መከፈት አለበት። ስለዚህ ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ በበዓል ቀንም ቢሆን የሚከፍትላችሁ ባለሙያ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ከሌለ፣ እኔ ብሆን አላሳስርም።