የጳጉሜ 6 ስልክ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ኤሊክሲር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ፈልጌ ነበር፤ ኮድ የሚጽፍልኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ኤአዩ፣ ግን በደንብ አይችለውም። ትቼው ፓይተን ላይ ልቅር?» አለኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ሐሳቤ ጳጉሜ 6፣ 2003 ላይ ሄዶ ቀረ።

ያኔ የለቀቅኩት አንድ መሥሪያ ቤት የቀን ሠራተኞቹን የሚከፍለው በ2000 በፎክስፕሮ፣ በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም መሥሪያ፣ በጻፍኩለት ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት ከፎክስፕሮ 9 በኋላ ሌላ ቨርዥን እንደማያወጣ በመጋቢት 1999 አሳውቋል። ሰምቻለሁ። እጄ የለመደው ግን እሱን ነው፤ ለአለቆቼ ትንፍሽ አላልኩም። ጳጉሜንም 5 ቀን ብዬ ዘጋኋት። በ4 ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ጠፍቶኝ አይደለም፤ «በኋላ አስተካክላለሁ» ብዬ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገንዘብ ያዧ ቀኑን ስታስገባ «የተሳሳተ ቀን» ይላታል። ጳጉሜ 5 ብላ እንዳታልፍ፣ የ5ን ሒሳብ ትናንት ዘግታዋለች። ሠራተኞቹ ደጅ ቆመዋል፤ የዶሮ መግዣቸው ነው። ጃቫ የተማረ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኮዱን ከፍቶ አየው፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ጅማ መንገድ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም። ማታ ስደውል ሁሉንም በእጇ ጽፋ ከፍላ ጨርሳለች። «ምንም አይደል ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ከሄደ በኋላ ያንኑ የጳጉሜ ስሌት አንዱን ኤአይ ጠየቅኩት። በፓይተን ልክ አድርጎ ሰጠኝ። በኤሊክሲር ጻፍልኝ ስለው የሌለ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ) ጠራልኝ። ስሙ ያምራል፤ የኤሊክሲር ላይብረሪዎች በሚቀመጡበት በሄክስ ላይ ብፈልገው የለም። ብዙ ኮድ ባነበበበት ቋንቋ በአብዛኛው ይሠራል፣ ጥቂት ባነበበበት ይበልጥ ይገምታል። እናንተ ወጣቶቹ ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ ቀዩን የስህተት መልእክት ሳታነቡ መልሳችሁ ትለጥፉለታላችሁ። እሱም ይቅርታ ይጠይቅና ሌላ የሌለ ስም ያመጣል።

ታዲያ ተወው ልበለው? አልልም። ኤሊክሲር የሚሮጠው የስዊድኑ ኤሪክሰን ለስልክ ማገናኛዎቹ ብሎ በሠራው ቋንቋ፣ በኤርላንግ፣ ማስኬጃ ሶፍትዌር ላይ ነው። የዋትሳፕም ሰርቨር የተሠራው በኤርላንግ ነው። የሚያውቀው ሰው ማነሱ ደካማ አያደርገውም። የፎክስፕሮዬን ጉድ ነግሬ ይህን ማለቴ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አውቃለሁ።

ማታ ጻፍኩለት፦ «ተማረው። ለሰው ከመሥራትህ በፊት ግን አጠገብህ ላለ አንድ ሰው አስተምር። አንተ ጅማ መንገድ ላይ ስትሆን ስልኩን የሚያነሳ ይኑር።»

«ኤአዩ አይበቃም ጋሼ?» ብሎ መለሰልኝ።