ልጄ ለብቻው ታስሮ ከወጣ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ልጄ እዚህ አሜሪካ በእስር ላይ ሳለ ሰባት ወር ለብቻው ተዘግቶበት ነበር። ከተፈታ አምስት ሳምንት ሆነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ይውላል፤ ማዕድ አይቀርብም። ሌሊት ስለማይተኛ ከሦስት ቀን ወዲህ የእህቴን የእንቅልፍ ኪኒን እሰጠዋለሁ። ምን መድኃኒት ይሻለዋል? (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ቢሆንም፣ ያስጨነቀዎት «ልጄ አብዶ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት እንደሆነ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ከጻፉልኝ ውስጥ አብዷል የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም። ለወራት ከሰው ተለይቶ የኖረ ሰው የሳህን ኳኳታ ያስደነግጠዋል፤ ሰው ሲበዛም ይጨንቀዋል። እንዲህ ካለ እስር የወጣ አንድ ታካሚዬ፣ የምርመራ ክፍሌ በር ሳይቆለፍ፣ እኔ እስክከፍትለት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦች፣ ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ማሰርን ይከለክላሉ። ልጅዎ ላይ የደረሰው የዚህ ብዙ እጥፍ ነውና፣ በእሱም ሆነ በራስዎ አይፈረድ።

ኪኒኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሰጡት። ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቆልፈው ያስቀምጡ። አምስት ሳምንት ያለ ሐኪም መቆየቱም ከሚገባው በላይ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይታይ።

አጥብቄ የምነግርዎ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የኖርዝ ካሮላይና ጥናት፣ ለብቻቸው ታስረው የነበሩ ሰዎች ከተፈቱ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ራሳቸውን በማጥፋት የመሞታቸው ዕድል ከሌሎች ተፈቺዎች በ78 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ብዙ እናቶች «ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም፤ ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ይሉኛል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ሐሳቡ ካለ ግን ብቻውን ከመሸከም ያሳርፈዋል። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ «ልጄ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት። ከመለሰልዎ አይቆጡ፤ አያልቅሱበት፤ ያዳምጡት። አዎ ካለ፣ ወይም ንብረቱን ማደልና መሰነባበት ከጀመረ፣ ለደቂቃ እንኳ ብቻውን ሳይተዉት በ988 (ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ እርዳታ በሚሰጠው የአሜሪካ የስልክ መስመር) ይደውሉ።

ያ ከሌለ፣ ለሐኪም ከማሳየቱ በቀር፣ ከክፍሉ እንዲወጣ አይቸኩሉበት። ምግቡን አንድ ሰው ብቻ ይዞለት ይግባ፤ በሩንም አንኳኩተው፣ ራሱ እስኪከፍት ይጠብቁት።